የመጥፋት ልምምድ

ሐሙስ ማታ፣ እራት ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ፣ የሪሐና አባት ሙሐሲን ቴሌቪዥኑን አጠፋ፤ ተነስቶ ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያም አራቱም የቤተሰቡ አባላት በመጪው እሁድ ዛፍ ወዳለበት ቦታ እንደሚሄዱና እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ በዛፎቹ መካከል እንደሚቆዩ በይፋ አስታወቀ።

ማንም አላጨበጨበም። እናቷ ሸምሲያ ነጭ ሽንኩርት መላጧን ቀጠለች። ታናሽ ወንድሟ ኢዘዲን ግን ገና ዘጠኝ ዓመቱ ስለሆነና ነገር ሳያጣራ እንቅልፍ ስለማይወስደው፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ዛፍ ለማየት ነው?»

«ለማየት አይደለም፤ ለመኖር ነው» አለ አባቱ። «ማለቴ… ጫካ ውስጥ ብንሆን እንዴት እንደምንኖር ለመማር። መጠለያ መሥራት፣ አቅጣጫ ማወቅ፣ ያለ ክብሪት እሳት ማንደድ፣ የጠፋ ሰው መፈለግ። በቃ፣ እንደ ቤተሰብ።»

«ጫካ ምን ልናደርግ ነው የምንገባው?» አለች እናቷ፣ ከሽንኩርቱ ቀና ሳትል።

«ገላን ልንገባ አይደል እንዴ?»

መልሱ በቂ ሆኖ ተገኘ። ካዛንቺስ ተወልዶ ላደገ ሰው ከቀለበት መንገዱ ወዲያ ያለው ሁሉ ጫካ ነው። ሙሐሲን ደግሞ እዚያው ካዛንቺስ ተወልዶ፣ እዚያው አግብቶ፣ ሰንጋ ተራ የመብራት ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው። ከተማውን ለቅቆ ብዙ የሄደው በስልኩ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ በረዶ አገር ብቻውን እንጨት ሲፈልጥ የሚውል አንድ ጺማም ፈረንጅ ያያል። ሰውየው አይናገርም፤ አይስቅም፤ ይፈልጣል፣ ያስራል፣ ያነዳል። ሙሐሲን ከብዙ ዘመዶቹ ይልቅ እሱን ያምነዋል።

ሰፈሩ እየፈረሰ ነበር። ከነሪሐና ቤት በስተጀርባ የነበሩት ቤቶች ከሄዱ ቆይተዋል፤ የነሱ ግቢ ተራ መጋቢት ላይ ነው። ምትክ ቤታቸው ገላን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰጥቷቸዋል። የኢዘዲን አዲስ ትምህርት ቤት ታውቋል። መጋረጃዎቹ ለአዲሱ መስኮት እንደሚያጥሩም ታውቋል። ያልተወሰነ የቀረ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ሪሐና ነበረች።

ሪሐና ስምንተኛ ክፍል ናት። ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። የአባቷ እህት ከሪማ፣ መስቀል ፍላወር ካለው ቤቷ አንድ ክፍል አጸዳድታ፣ «ልጅቷ እኔ ጋ ትሁንና ፈተናዋንም ትፈተን፤ ሃይስኩሉንም እዚሁ ትጨርስ» ብላለች። ክፍሉን የሚፈልግ ሌላ ሰው ስላለ መልሱን እሁድ ማታ ትፈልገዋለች። ይህ ማለት ደግሞ ሪሐና ቤተሰቦቿን የምታያቸው፣ ታክሲውና ትምህርቱ ከፈቀደ፣ ቅዳሜና እሁድ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ የሚባለው አንድ ቃል ነበር፤ «እንደፈለግሽ»። አባቷ ለደንበኛ የአምፖል ዓይነት እንደሚያስመርጥ ሰው ረጋ ብሎ ይለዋል። እናቷ እየሠራች፣ ሁልጊዜ እየሠራች ትለዋለች። ኢዘዲንም በበኩሉ፣ «ከቀረሽ ክፍሉ የብቻዬ ነው፤ ኳሴን አልጋሽ የነበረበት ቦታ አስቀምጣለሁ። እንደፈለግሽ!» ብሏታል።

«እና ቀረሽ አይደል?» አለቻት የክፍል ጓደኛዋ ሀኒ አርብ በእረፍት ሰዓት፣ አንዱን ብስኩት ለሁለት እየሰበረች። ትልቁን ግማሽ ለራሷ አስቀረች፤ ጓደኝነታቸው እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ነው።

«እያሰብኩበት ነው።»

«ምኑን? ገላን ማለት እኮ ኔትወርክ የሚሰጥሽ ጅቡ ነው።»

«አትቀልጂ፤ ሰው ይኖርበታል።»

«ይኑርበት! እኔ አንቺን ነው ያልኩት። አክስትሽ ጋ ዋይፋይ አለ?»

«አለ።»

«በቃ! ምኑ ነው የሚታሰበው? ከዚህ በእግራችን ነው የምንሄደው። ቤተሰቦችሽስ ምን አሉ?»

«እንደፈለግሽ አሉኝ።»

ሀኒ ማኘኳን አቆመች። «እንደፈለግሽ ብቻ? የኔ እናት ብትሆን እኮ አንገቴን ይዛ ነበር የምትጭነኝ። ያንቺዎቹ ግን ነፍስ ናቸው፤ አያካብዱም። ታድለሽ።»

ሪሐና ብስኩቷን ዋጠች። ብስኩቱ ወረደ፤ «ታድለሽ» የሚለው ግን ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

«ወስኛለሁ» አለች ድንገት። «እቀራለሁ። እነሱም ግድ የላቸውም፤ እኔም ግድ የለኝም።»

«ይመችሽ! እሁድ እንገናኝና እናክብረው?»

«እሁድ አልችልም። ጫካ ልንሄድ ነው። ሰርቫይቫል ምናምን ልንማር።»

«ከማን ጋር?»

«ከቤተሰቦቼ ጋር።»

«ሼም!» አለች ሀኒ፣ ከልቧ አዝናላት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ የዝግጅት ልምምድ ተደረገ። ቦታ ሞልቷል፤ ሁለት ጎረቤት ከፈረሰ ወዲህ ግቢው ከመቼውም ይበልጥ ሰፍቷል። አባቷ ሰማያዊ ሸራ ዘረጋ፤ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትቶ ከቧንቧው ብረት ወደ በሩ መቃን ወጠረ፤ ሸራውን በላዩ ጣለው። መጠለያ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ እናቷ የታጠበ አንሶላ ይዛ መጣችና ገመዱን ባገኘችበት ቦታ አሰጣችው።

«ሸምሲያ፣ መጠለያ ነው እኮ!»

«አንሶላ ደግሞ ምን የሚያደርግ ይመስልሃል?»

ቀጥሎ እሳት ነበር። አባቷ አንድ ቀጭን እንጨት በሁለት መዳፉ መሃል ይዞ፣ ከታች ሌላ እንጨት ላይ ተክሎ ያሽከረክር ጀመር። ጺማሙ ሰውዬ በዚህ ዘዴ እሳት ሲያነድ ስልኩ ላይ አይቶታል። እዚህ ግን ከእንጨቱ በፊት መዳፉ ጋለ። ከተረፉት ጎረቤቶች አንዱ ጋሽ በድሉ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩ።

«ሙሐሲን፣ ክብሪት ጠፋ እንዴ? ላምጣልህ?»

«ኧረ አለ ጋሽ በድሉ። ያለ ክብሪት ለማንደድ ነው።»

«ስለት ነው?»

«አይ፣ ትምህርት ነው።»

«ተማር፣ ተማር» አሉ ጋሽ በድሉ፤ ራሳቸውን እየነቀነቁም ወደ ቤታቸው ገቡ።

በመጨረሻ አባቷ ሁሉንም ሸራው ላይ አስቀመጠና ሁለት ፊሽካ ከኪሱ አወጣ። አሁን ድምፁ ተለወጠ። ሪሐና አባቷ በዚህ ድምፅ ሲናገር የምታውቀው ስለ ኤሌክትሪክ ሲያስጠነቅቃቸው ብቻ ነው።

«ይሄኛው ቀልድ የለበትም። ስሙኝ። የጠፋ ሰው ካለበት አይንቀሳቀስም። ቁጭ ይልና ፊሽካውን ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ያርፋል፤ ይደግማል። ፈላጊ ደግሞ አይሮጥም፤ አይጮህም፤ ድምፁን ተከትሎ ረጋ ብሎ ይሄዳል። መደናገጥ የሚባል ነገር የለም። ሰውን ጫካ አይገድለውም፤ የሚገድለው መደናገጥ ነው።»

«ይሄን ሁሉ ጺማሙ አፉን ሳይከፍት ነው የነገረህ?» አለች እናቷ።

ኢዘዲን እስኪንከባለል ሳቀ። ሪሐናም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ይዛ ወደ ቤት ገባች፤ እዚያ ግን ሳቁ ብዙ አልቆየም።

ቤቱ ካርቶን በካርቶን ሆኗል። ድስቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ የኢዘዲን ደብተር ሳይቀር ታስሯል። የሷ ልብሶች ግን ታጥፈው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ካርቶን ውስጥም የሉ፣ ቁም ሳጥን ውስጥም የሉ። እናቷ ተከትላት ገባች።

«የኔ የት ነው የሚገባው?» አለች ሪሐና።

«የት እንደሆነ ንገሪኝና እከተዋለሁ።»

«አንቺ የት ይግባ ትያለሽ?»

እናቷ ጎንበስ ብላ የአንዱን ካርቶን ፕላስተር በጥፍሯ ትልጥ ጀመር። ፕላስተሩ በደንብ የተለጠፈ ነበር፤ የሚላጥበትም ምክንያት አልነበረም።

«እኔ ምን እላለሁ? እንደፈለግሽ» አለች፣ ለካርቶኑ።

እሁድ ማለዳ በሁለት ታክሲና በብዙ ዳገት ከየካ በላይ ወዳለው የባህር ዛፍ ጫካ ወጡ። ቤተሰቡ ለህልውና ትግሉ ይዞት የወጣው ነገር ይህ ነበር፤ ሁለት ፔርሙስ ሻይ፣ አንድ ሳህን ሳምቡሳ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሙዝና ፌስታል ሙሉ የተጠበሰ ገብስ።

«እኛ እኮ የመጣነው ምግብ ባይኖር እንዴት እንደምንኖር ልንማር ነው» አለ አባቷ።

«እየበላን እንማራለን» አለች እናቷ።

ጫካው እንደተፈራው ሰው የራቀው አልነበረም። ቱታ የለበሱ ሯጮች እየተንጋጉ በዛፎቹ መሃል ያልፋሉ፤ አንገቱ ላይ የእጅ ሰዓት ያንጠለጠለ አሰልጣኝ ከሩቅ ይጮህባቸዋል። አባቷ ይህን አይቶ ትንሽ ቅር አለው። ጺማሙ ጫካ ውስጥ ሯጭ አይቶ አያውቅም።

ትምህርቱ ተጀመረ። አቅጣጫ የሚታወቀው በፀሐይ መሆኑን አባቷ አስረዳ፤ ጥላ በእንጨት ለካ፤ አሰበ፤ ከዚያ እጁን ዘረጋና «ስለዚህ ካዛንቺስ በዚህ በኩል ነው» አለ።

«አይ፣ በዚያ በኩል ነው» አለ ኢዘዲን። «ፎቆቹ ይታያሉ እኮ።»

እውነትም ከዛፎቹ ሥር ከተማው እንዳለ ተዘርግቶ ይታይ ነበር። የአቅጣጫ ትምህርት በዚሁ ተጠናቀቀ። ለእሳቱ ደግሞ አባቷ ገና እንጨቶቹን ሲያወጣ የጫካው ጥበቃ ደረሰና፣ «ወንድም፣ እሳት ክልክል ነው» አለው። አባቷ በጣም እንዳዘነ አስታውቆ እንጨቶቹን ወዲያው፣ እጅግ ፈጥኖ፣ ወደ ቦርሳው መለሳቸው።

የቀረው የጠፋ ሰው ፍለጋ ነበር።

«ማን ይጥፋ?» አለ አባቷ።

«እኔ! እኔ!» አለ ኢዘዲን።

«አንተ አይሆንም። አንተ የምትጠፋው የምርህን ነው» አለች እናቷ።

ሦስቱም ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቦታ ያያሉ። ፔርሙሱን፣ ቅርንጫፉን፣ ጫማቸውን።

«እኔ ልጥፋ» አለች ሪሐና።

«እንደፈለግሽ» አለች እናቷ። አፏ ለምዶት ነው። ከዚያ የፔርሙሱን ክዳን፣ የተከደነውን፣ እንደገና አጠበቀች።

ሪሐና ፊሽካዋን ይዛ ዳገቱን ወጣች። ጎርፍ የቦረቦረው፣ አንድ የተገነደሰ ባህር ዛፍ ከፊቱ የተጋደመበት ጉድጓድ አገኘች፤ ገባችና ተቀመጠች። ከግንዱ ሥር ባለው ክፍተት ታች ያለው መንገድ ለሁለት ሲከፈል ይታያታል፤ አንዱ ወደሷ ይወጣል፤ ሌላው ሯጮቹ ወዳሉበት ሜዳ ይታጠፋል። ሦስት ጊዜ ነፋች። አረፈች። እንደገና ሦስት ጊዜ ነፋች።

ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቦቿ ብቅ አሉ። አባቷ ከፊት፣ ኢዘዲን መሃል፣ እናቷ ከኋላ። ረጋ ብለው፣ በሕጉ መሠረት ይራመዳሉ። መንገዱ የሚከፈልበት ጋ ሲደርሱ አባቷ ቆመና እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። ሪሐና ሦስተኛውን ልትነፋ አየር ሳበች።

ልክ በዚያን ጊዜ ከሜዳው በኩል ፊሽካ ተነፋ። ሦስት ጊዜ። አሰልጣኙ ነበር፤ ሯጮቹን ዙር ሊያስጀምር። አባቷ ፊቱ በራ። ጣቱን ወደ ሜዳው ቀሰረ፤ ሦስቱም ታጠፉ።

አሁን መንፋት ነበረባት። ፊሽካው ከንፈሯ ላይ ነው፤ አየሩም ደረቷ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ብትነፋ ዞር ይሉ ነበር፤ ያን ያህል አልራቁም።

ግን ከጀርባቸው አየቻቸው። ኢዘዲን የወደቀ ፍሬ በእግሩ እየመታ ይሄዳል። እናቷ ቀሚሷን ከእሾህ ለማራቅ ሰብሰብ አድርጋዋለች። አባቷ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ እጁን ለኢዘዲን ሰጠው። የሚጣደፍ የለም፤ የሚጮህ የለም። ሦስት ሰው አብሮ ሲሄድ ምንም የጎደለው አይመስልም። የማያውቃቸው ሰው ቢያያቸው፣ «ሦስት ናቸው፤ አበቃ» ይል ነበር።

ሪሐና ፊሽካውን ከአፏ አወጣች። ትንሽ ልያቸው፣ አለች በልቧ። ያለ እኔ ምን እንደሚመስሉ ልያቸው።

ሜዳው ዋጣቸው። ጫካው ዝም አለ።

መጀመሪያ ያሸነፈች መስሏት ነበር። ማንን እንዳሸነፈች ግን ስታስበው አልመጣላትም። የደረቀ ቅጠል አንስታ በጣቷ መሃል ፈረፈረችው፤ ሌላ አነሳች። የፈራችው ጅብ አልነበረም፤ በጠራራ ፀሐይ ጅብ አይመጣም። የፈራችው ረጋ ብለው ይመለሳሉ፣ ረጋ ብለው ያገኟታል፣ አባቷም «ጎበዝ፣ ጥሩ ልምምድ ነበር» ይላል፤ ከዚያ ማታ ለከሪማ እንድትደውል ስልኩን ያቀብሏታል ብላ ነው። መስቀል ፍላወር ያለው ክፍል መስኮቱ ሰፊ ነው። ዋይፋይም አለው። ይህን ለራሷ ደጋግማ ነገረች፤ ልክ መሆኑንም ታውቃለች፤ ነገር ግን ለምን እንደሚያስለቅስ አልገባትም።

የአባቷ ፊሽካ ተሰማ። ሦስት ጊዜ። እረፍት። ሦስት ጊዜ። እረፍት። አሁንም ሕጉን ያከብራል።

ከዚያ አራት ጊዜ ሆነ። ከዚያ መቁጠር የማይቻል፣ እረፍት የሌለው፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ የሚጮህ ፊሽካ ሆነ።

«ሪሐና!»

የማታውቀው የወንድ ድምፅ ነው። ግንባሯን አኮማተረች።

«ሪሐናዬ! የት ነሽ እህቴ!» ይሄኛው ደግሞ የሴት ድምፅ ነው፤ ከሌላ አቅጣጫ። «ሪሐና! ሪሐና፣ በይ ወይ በይ!» ሌላ። ግራ ቀኝ፣ ከላይ ከታች፣ ስሟን ጭራሽ የማያውቋት ሰዎች ይጠሩታል። በግንዱ ሥር አጮልቃ አየች። ቱታ የለበሱት ሯጮች ጫካው ውስጥ ተበትነው፣ በየቁጥቋጦው እየጎነበሱ ይፈልጋሉ። አባቷ ያን «መደናገጥ የለም» ያለ አፉን ይዞ ሄዶ አንድ የአትሌቲክስ ቡድን በሙሉ አስደንግጧል።

ቀጥሎ የሰማችው ከሥሯ፣ በጣም ቅርብ ነበር።

«ሸምሲያ፣ አትጩሂ፣ ረጋ ብለን—»

«ዝም በል! አንተ ሰውዬ ዝም በል!» እናቷ ናት፤ ግን እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት ሪሐና ሰምታ አታውቅም። «እንደፈለግሽ በያት ያልከኝ አንተ ነህ! ምንም አትናገሪ፣ ፊትሽንም አታሳያት ያልከኝ አንተ ነህ! ልጄን፣ አትቅሪ፣ ከኛ ጋር ነይ ማለት እያማረኝ አፌን ዘግተህ ይኸው!»

«እኔስ አላማረኝም?» አባቷም ጮኸ። «እኔ ድንጋይ ነኝ? ነይ ካልናት ለኛ ብላ ትመጣለች፣ ትምህርቷ ይበላሻል ብዬ ነው እንጂ! ለፈተናዋ ብዬ ነው እንጂ እኔማ…»

እሱማ ምን እንደሆነ አልተናገረም። ፊሽካውን ወደ አፉ መለሰና ነፋ፤ ግን የሚነፋበት ትንፋሽ ስለሌለው አየር ብቻ ወጣ።

«ክፍሉን አልፈልግም!» እያለ ያለቅሳል ኢዘዲን። «ብቻዬን አልተኛም በሏት! ኳሴን አላስቀምጥም በሏት!»

ሪሐና መቼ እንደተነሳች አታውቅም። ግንዱን ተሻግራ፣ ቅጠሉ እያንሸራተታት፣ ግማሹን በእግሯ ግማሹን በመቀመጫዋ ቁልቁል ወረደች።

ሦስቱም ዞሩ። የአባቷ ሸሚዝ ክንዱ ላይ ተቀዷል፤ አንድ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ የወደቀ ሰው ነው፤ የሮጠ ሰው ነው። መጀመሪያ የደረሰችባት እናቷ ነበረች። አላቀፈቻትም። ክንዷ ላይ፣ ሪሐና ከሁለተኛ ክፍል ወዲህ የረሳችውን ዓይነት ቁንጥጫ ቆነጠጠቻት። ከዚያ አቀፈቻት። ከዚያ አንዴ ደገመቻትና እንደገና አቀፈቻት።

«ፊሽካው ተበላሽቶብሽ ነው አይደል?» አለ አባቷ እያለከለከ። «አውቄያለሁ፤ ዕቃው ራሱ አይረባም። በአሰልጣኙ ፊሽካ ተሳስተን ነው እንጂ… ብትነፊ ኖሮ እንሰማሽ ነበር። አይደል?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አባቷ መልሱን ራሱ አዘጋጅቶ፣ ጠቅልሎ ነው የሰጣት።

«አልተበላሸም» አለች ሪሐና። «ወደ ሜዳው ስትታጠፉ አይቻችኋለሁ። አልነፋሁም።»

የእናቷ እጅ ክንዷ ላይ እንዳለ ቆመ። ኢዘዲን እንኳ ማልቀሱን አቋረጠ። አባቷ ለረጅም ጊዜ አያት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

«አሁን ያወራነውንስ ሰምተሻል?» አላት፣ ዝግ ብሎ።

«ሰምቻለሁ።»

የሚባል ነገር ያለ ይመስል ጉሮሮውን ጠረገ።

ይህን ጊዜ አሰልጣኙ ዳገቱን እየሮጠ ደረሰ። «ተገኘች?»

ልምምድ ላይ ነበርን ማለት ይችል ነበር። ለሰውየው ሊያስረዳው፣ ሊያሳምነው፣ ስለ ጺማሙ ጭምር ሊነግረው ይችል ነበር። አባቷ ግን ራሱን ነቀነቀና፣ «ተገኘች። ጠፍታብን ነበር» አለ።

አሰልጣኙ ረጅም ፊሽካ ነፋ። ሯጮቹ ከየዛፉ ሥር ብቅ ብቅ አሉ። «ተገኘች!» ተባለ፤ ተቀባበሉት፤ አንዳንዱም አጨበጨበ። አንዲት ቀጭን ሯጭ ስታልፍ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻትና፣ «አይዞሽ፣ እኔም ስጀምር እዚሁ ጠፍቼ አውቃለሁ» አለቻት። ሪሐና ከፀጉሯ ላይ ቅጠል አወጣች። የምትገባበት ጉድጓድ ቢገኝ ትመርጥ ነበር፤ ግን ከዚያ ነው ገና አሁን የወጣችው።

«ለማንኛውም እንኳን ተገኘች» አለ አሰልጣኙ፣ ቁልቁል ወደ መንገዱ እያየ። «ታክሲ የምትይዙበትን ላሳያችሁ። ሰፈራችሁ የት ነው?»

አባቷ አፉን ከፈተ። ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲጠየቅ ኖሯል፤ መልሱም ዕድሜ ልኩን አንድ ነው።

«ገላን ነን» አለች ሪሐና።

«ገላን!» አለ አሰልጣኙ። «ኧረ ሩቅ ነው።»

«አዎ» አለች።

ኢዘዲን ቀና ብሎ፣ «ገና አልገባ—» ሲል እናቱ እጇን ራሱ ላይ አሳረፈችና ወደ ጎኗ ሳብ አደረገችው። አሰልጣኙ በእጁ እያመለከተ፣ በየት ወርደው በየት እንደሚታጠፉ ማስረዳት ጀመረ። የሰማው ሰው አልነበረም። አባቷ ፊቱን አዙሮ፣ የሆነ ነገር እንደወደቀበት ሰው ጎንበስ ብሎ በቅጠሉ መሃል ይፈልግ ነበር፤ ምንም የወደቀበት ነገር ግን አልነበረም።